የመጡትን መቁጠርና ያልመጡትን ማሰብ
(በማኅበሩ የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)




 የመረጥሁት ርእስ ከሩቅ ሲያዩት የሒሳብ መምህራን ብቻ የሚከራከሩበት ይመስላል። ቀርበን ስንመረምረው ግን የእያንዳንዳችንን ሥራ የሚነካ ሆኖ እናገኘዋለን። ጥያቄው ይህ ነው፤ ጥቂት ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው መጥተው የሰጡትን አስተያየት የሕዝብ አስተያየት ነው ብለን ልንቀበለው ይገባናልን?

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል»፣ «ወላጆች ተስማምተዋል»፣ «ከመቶው ሰማንያው ደግፏል» የሚል ቃል ይሰማል። ቁጥር ያለበት ቃል ደግሞ ከሌላው ቃል ይልቅ ይታመናል። ሰው ወሬን ይጠረጥራል፤ ቁጥርን ግን ሳይመረምር ይቀበላል። አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ብለው የነቀፉት ያልተጣራውን ወሬ ነበር። ያልተጣራ ቁጥርም የዚያው ወገን ነው፤ እንዲያውም የዕውቀት ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ከወሬው ይልቅ ያሳስታል።

ነገሩን ከገበያ በተወሰደ ምሳሌ ልጀምር። እህል የሚገዛ ብልህ ነጋዴ በጆንያው አፍ ያለውን እህል ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። ሻጩ መልካሙን ከላይ ሊያደርገው እንደሚችል ያውቃልና ጆንያውን በብረት ወግቶ ከመካከሉም ከታቹም ጥቂት ፍሬ አውጥቶ ያያል። ከየቦታው የወጣው አንድ እፍኝ እህል የጆንያውን ሁሉ ጠባይ ይነግረዋል። ከአፉ የተዘገነው ግን አንድ ቁና ቢሆን እንኳ ስለ አፉ እንጂ ስለ ታቹ አይመሰክርም። በገዛ ፈቃዱ መጥቶ አስተያየቱን የሚሰጥ ሰው በጆንያው አፍ እንዳለው እህል ነው። እኛ አልመረጥነውም፤ ወደ ላይ ያወጣው አንድ ነገር አለ። ቍጣው፣ ጥቅሙ፣ ትርፍ ጊዜው፣ ወይም የቤቱ ቅርበት ይሆናል።

እንግዲህ እንዲህ ባለው የአስተያየት መጠይቅ ላይ ሁለት ጉድለቶች ይገኛሉ። አንደኛው የቁጥሩ ማነስ ነው፤ ሁለተኛው የመጡት ሰዎች ራሳቸውን በራሳቸው የመረጡ መሆናቸው ነው። ሁለቱ ተለያይተው መታየት አለባቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን አይፈውስምና።

የቁጥር ማነስ የሚያመጣው ስሕተት የዕድል ስሕተት ነው። በአንድ ከረጢት ውስጥ እኩል ነጭና ቀይ ቦሎቄ ደባልቀን ዓይናችንን ጨፍነን ዐሥር ፍሬ ብናወጣ፣ ሰባት ወይም ከዚያ የሚበልጠው ከአንዱ ቀለም የሚሆንበት ጊዜ ከሦስት አንድ ያህል ነው። ከረጢቱ እኩል ሆኖ ሳለ እጃችን ላይ ያለው እኩል አይሆንም። ቁጥሩ ሲበዛ ግን ስሕተቱ ይጠባል። በዕጣ 100 ሰዎች ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ ከእውነተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እስከ 10 በመቶ ሊርቅ ይችላል፤ 400 ብንጠይቅ እስከ 5፣ 2,400 ብንጠይቅ እስከ 2 በመቶ። ይህ ወሰን ሥራው ሃያ ጊዜ ቢደጋገም በአሥራ ዘጠኙ ያህል የሚጸና ነው።

ልብ አድርጉ፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው «በዕጣ» የሚለው ቃል እስካለ ድረስ ነው። ዕጣው ከቀረ የቁጥሩ ብዛት አያድንም። ይህን ዓለም የተማረው በአሜሪካ በ1936 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። (የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን፣ የአገራችንን ስጠቅስ እንደ ራሳችን አቆጣጠር እናገራለሁ።) ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ቀደም ባሉት ምርጫዎች አሸናፊውን በትክክል አስቀድሞ ተናግሮ ስለ ነበር እጅግ የታመነ ነበር። በዚያ ዓመት 10 ሚሊዮን ያህል የጥያቄ ወረቀት በፖስታ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስም መጣለት። መልሱን ቆጥሮ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ምርጫው ሲደረግ ግን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ፤ ከመራጩም ከመቶው 60 የሚበልጠው ድምፁን ሰጠው።

ስሕተቱ ከወዴት መጣ? መጽሔቱ የሰዎቹን ስም በብዛት የሰበሰበው ከስልክ መዝገብና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና አውቶሞቢል ያለው ሰው ከድኻው የተለየ አሳብ ነበረው። ከዚህም በላይ ወረቀቱ ከደረሳቸው ውስጥ የመለሱት ከአራቱ አንድ አይሞሉም ነበር፤ ለመመለስ የተጉትም በሩዝቬልት ላይ ቅሬታ ያላቸው ይበዙ እንደ ነበር ኋላ የመረመሩት ሊቃውንት አስረድተዋል። በዚያው ዓመት ጋሎፕ የተባለው ሰው ከመጽሔቱ እጅግ ባነሰ ቁጥር፣ ግን ከየወገኑ እንዲደርስ ጠንቅቆ ጠይቆ አሸናፊውን አውቆ ነበር። ሁለት ሚሊዮን መልስ ካላዳነ፣ በአንድ አዳራሽ የተሰበሰቡ አርባ ሰዎች እንዴት ያድናሉ?

ወደ ጎረቤታችን አገር ወደ ሱዳን እንሻገር። በዚያ የሆነው ነገር የአስተያየት መጠይቅ ሳይሆን በሕግ የተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ነገር ግን «የመጣው ማን ነው፤ የቀረውስ ለምን ቀረ» ለሚለው ጥያቄ ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ማዮ ከካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ጦርነትና ረኀብ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ያፈናቀላቸው ሰዎች በብዛት ሰፈሩበት። በካርቱም ዙሪያ መንግሥት ካወቃቸው አራት የተፈናቃዮች መጠለያዎች አንዱ በዚያው ነበር። ነዋሪው በአብዛኛው ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላ ነበር፤ ወንዱ የቀን ሠራተኛ፣ ሴቲቱ በሰው ቤት አገልጋይ ወይም በመንገድ ዳር ሻይ አፍልታ የምትሸጥ። በካርቱም የኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ዓይነት ኑሮ በሚገባ ያውቁታል።

በ2008 በሱዳን የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ በሰሜን የሚኖሩት ደቡባውያን ከ5 መቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው ተባለ። የደቡቡ መሪዎች ቁጥሩ እጅግ አንሷል ብለው አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ ደቡቡ ተለይቶ መንግሥት ይቁም ወይስ አንድነቱ ይጽና የሚለው ውሳኔ ለሕዝብ ቀረበ፤ ድምፅም ከጥር 9 እስከ 15 ቀን 2011 ተሰጠ። በሰሜን የሚኖሩ ደቡባውያንም ባሉበት ተመዝግበው ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ በሰሜን የተመዘገቡት 116 ሺህ ያህል ብቻ ሆኑ። እነርሱ ያንሳሉ ያሏቸው የቆጠራው ሰዎች እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበሩ።

የቀሩት ለምን ቀሩ? አሳብ ስለሌላቸው አይደለም። በሕጉ ውሳኔው የሚጸናው ከተመዘገቡት ከመቶው 60ው ድምፅ ሲሰጡ ነው ተብሎ ነበር። ስለዚህ በሰሜን ተመዝግበው በኋላ ድምፅ ከመስጠት ቢከለከሉ ውሳኔው ራሱ ይፈርሳል ብለው የፈሩ ነበሩ፤ የደቡቡ መሪዎችም ሰዎቻቸው ወደ ደቡብ ሄደው እንዲመዘገቡ ይመክሩ ነበር። ብዙዎችም ዕቃቸውን ጭነው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ነበር። በካርቱም ስሙ ቢጻፍ በኋላ ምን ይደርስብኛል ብሎ የተጨነቀም አልጠፋም። እንግዲህ ለመመዝገብ የቆመው ሰው ድምፁን ከመስጠቱ አስቀድሞ በመምጣቱ ብቻ አንድ ነገር ተናግሯል፤ የቀረውም በመቅረቱ አንድ ነገር ተናግሯል።

ውጤቱን ተመልከቱ። በሰሜን ከመረጡት ከመቶው 58 ያህሉ መለየትን፣ 42 ያህሉ አንድነትን ደገፉ። ከካርቱም የምርጫ ጣቢያዎች ያልወጣ ታዛቢ ይህን ብቻ ይዞ ቢጽፍ «ሕዝቡ ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ቀርቶታል» ባለ ነበር። የመላው መራጭ ድምፅ ሲደመር ግን 3,792,518 ሰዎች መለየትን፣ 44,888 ሰዎች አንድነትን መረጡ፤ ከመቶው 98.83 መለየትን ደገፈ ማለት ነው። ሰሜን ከተመዘገበው ሁሉ ከመቶው 3 ያህል ብቻ ነበር፤ ለአንድነት ከተሰጠው ድምፅ ግን ከግማሽ የሚበልጠው ከዚያ ወጣ። ከሐምሌ 9 ቀን 2011 ጀምሮ ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለች አገር ሆነች።

በዚህ ታሪክ ማንም አልዋሸም እንበል፤ ወረቀቱም በትክክል ተቆጠረ እንበል። እንዲህም ሆኖ የካርቱሙ ቁጥር ስለ መላው ሕዝብ ሲጠየቅ ያሳስታል፤ ስለ ካርቱም ደቡባውያንም ቢሆን የሚናገረው ስለ ተመዘገቡት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህም በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ በመስከረም 10 ቀን በማዮ ገበያ ላይ በወረደው ድብደባ ብቻ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሕዝብ እንዲህ በተሰደደበት ቦታ ከቀሩት ጥቂቶች የሚገኘው መልስ የቀሩት መልስ ነው፤ የተሰደዱት በዚያ ውስጥ የሉበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የእኛን የመምህራንን ታሪክ የሚነካ አንድ ነገር አለ። በ1964 ዓ.ም. የትምህርትን ሥርዓት የሚያሻሽል ጥናት፣ ሴክተር ሪቪው የተባለው፣ በአገር ውስጥና በውጭ አገር ባለሙያዎች ተዘጋጀ። ብዙ ዕውቀት የፈሰሰበት ሥራ ነበር፤ ትምህርትን በዝቅተኛ ወጪ ወደ ገጠሩ ለማድረስ አራት ዓመት የሚፈጅ መጀመሪያ ደረጃ እንዲኖር ይመክር ነበር። አዘጋጆቹ በጉባኤያቸው ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ጥናቱ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆይቶ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ፣ መምህሩ ስለ ኑሮው፣ ወላጁ ስለ ልጁ ፈራ፤ «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው» ተባለ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም እንዲሁ፤ መንግሥትም በዚያው ወር ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ።

እዚህ ላይ ጥናቱ መልካም ነበር ወይስ አልነበረም ብለን አንከራከርም። የምንማረው ሌላ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ስምምነት እውነተኛ ስምምነት ነበር፤ ነገር ግን የአዳራሹ ነበር። ከአዳራሹ ውጭ የነበሩት በሺህ የሚቆጠሩ መምህራንና ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ያልተጠየቁትን መልስ በአደባባይ ሰጡ። ያልተጠየቀ ሰው አሳብ የለውም ማለት አይደለም፤ አሳቡን የሚናገርበትን ቀን ይጠብቃል።

የተሻለው መንገድ ምን እንደ ሆነ ደግሞ በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ያሳዩናል። በታኅሣሥና በጥር ወር አፍሮባሮሜትር የተባለው የአፍሪካ የጥናት ድርጅት በኢትዮጵያ 2,400 ሰዎችን ጠየቀ። ጠያቂዎቹ በገበያ ቆመው የቀረበውን ሰው አላነጋገሩም። የሚሄዱበት ቀበሌ በዕጣ ተለየ፤ በቀበሌው ውስጥ ቤቱ፣ በቤቱም ውስጥ የሚጠየቀው ሰው በሥርዓት ተመረጠ፤ ወንድና ሴትም እየተፈራረቁ ተጠየቁ። መልስ ሰጪው እነርሱን ፈልጎ አልመጣም፤ እነርሱ እርሱን ፈልገው ሄዱ። ልዩነቱ ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የኮሮና ወረርሽኝ ስለ መጣ የዓለም ባንክ ከ3 ሺህ የሚበልጡ ቤተሰቦችን በስልክ ጠየቀ። ስልክ ግን በከተማ ከመቶው ከ90 በሚበልጠው ቤት ሲገኝ፣ በገጠር የሚገኘው በ40 ያህሉ ብቻ ነበር። አጥኚዎቹ ቀደም ብሎ ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት እነማን ስልክ እንደሌላቸው ያውቁ ስለ ነበር ሒሳቡን በዚያ መጠን አስተካከሉ፤ ጉድለቱንም አልሸሸጉም። ፍጹም የሆነ መጠይቅ የለም። ጠንቃቃ ሰው ግን የቀሩበትን ሰዎች ያውቃል፤ አውቆም ይናገራል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። እንደ ማዮ ባለ ሰፈር፣ ወይም በማናቸውም የሠራተኛ ሰፈር፣ 600 ወላጆች ያሉት ትምህርት ቤት አለ እንበል። ዳይሬክተሩ ክፍያ እንዲጨመር አስበው በሥራ ቀን ከቀትር በፊት ስብሰባ ጠሩ። 40 ወላጆች መጡ። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል 32 እጆች ተነሡ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ከወላጆች 80 በመቶው ደገፉ» ተብሎ ተጻፈ። ይህ ሐሰት ነው። እውነቱ ከ600ው 32ቱ መደገፋቸው፣ 8ቱ አለመደገፋቸው፣ የ560ው አሳብ ያልታወቀ መሆኑ ነው። ደጋፊው ከ32 እስከ 592 ያለ ማናቸውም ቁጥር ሊሆን ይችላል።

የቀሩትስ እነማን ናቸው? ሻይዋን ትታ ብትመጣ የዕለት እራቷን የምታጣ እናት ናት። አሠሪው የማይለቀው የቀን ሠራተኛ ነው። ጥሪው የተጻፈበትን ቋንቋ የማያነብ አባት ነው። ክፍያው ሲጨመር የሚከብዳቸው እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ስሕተቱ ወዲያና ወዲህ የሚዛባ የዕድል ስሕተት አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የመጣው መክፈል የሚችለው ነው፤ የቀረው የማይችለው ነው። በመስከረም ወር አሥር ወንበሮች ባዶ ሆነው ሲገኙ የእነዚያ ቤተሰቦች ድምፅ ያን ጊዜ ይሰማል፤ ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ከቀረ በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ገንዘብም ጊዜም የለንም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። የምመክረው ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጀመሪያ፣ ውጤት ስንጽፍ ስንት ሰው እንደ ተጠየቀና ስንት እንደ መለሰ አብረን እንጻፍ። «ከመጡት 40 ውስጥ 32ቱ» ማለትና «80 በመቶው ወላጅ» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስም ከመዝገብ በዕጣ እናውጣ። ከ600 ስሞች በየሃያው አንድ ብንወስድ 30 ቤተሰብ ይሆናል። እነዚህን በሚመቻቸው ሰዓት፣ ቢያስፈልግ በየቤታቸው፣ በሚገባቸው ቋንቋ እንጠይቅ። የሠላሳ ሰው መልስ እስከ 18 በመቶ ሊዛባ እንደሚችል አልሸሽግም፤ ቢሆንም ወሰኑ የታወቀ ስሕተት ወሰኑ ካልታወቀው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሰው በአለቃው ፊት እጁን ሲያወጣና በተጣጠፈ ወረቀት ሲመልስ አንድ አይደለም። የልጁ ውጤት በእጃችን ያለ ወላጅ በፊታችን «አልደግፍም» ለማለት ይቸገራል።

አራተኛ፣ በራሱ ፈቃድ የመጣውን ሰው አንናቀው። የመጣ አቤቱታ ችግር መኖሩን ይነግረናል፤ ስንቱን እንደ ነካ ግን አይነግረንም። በአንድ ሰው የተነገረ በደል በደል ነው፤ ሊመረመር ይገባዋል። የማይገባው የአንዱን ቃል በሁሉ ስም መጻፍ ነው።

አምስተኛ፣ ይህን ለተማሪዎቻችን እናስተምር። አንድ መምህር ተማሪዎቹን ስንት ወንድምና እኅት እንዳላቸው ጠይቆ የሰፈሩን የቤተሰብ ብዛት እንዲያሰሉ ያድርግ። ከዚያም «ልጅ የሌለው ቤት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አለን? አምስት ልጅ ያስተማረ ቤትስ ስንት ጊዜ ተቆጠረ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ይህን የተረዳ ልጅ አድጎ ሹም ቢሆን በጥቂቶች ጭብጨባ አይታለልም፤ ተራ ዜጋ ቢሆንም «ከመቶው ይህን ያህል» በሚል ቃል አይነዳም።

መምህር በየማለዳው ስም ሲጠራ «አለሁ» ያለውን ብቻ አይመዘግብም፤ የቀረውንም ይመዘግባል፤ ለምን እንደ ቀረም ይጠይቃል። ይህ ልማዳችን ነው፤ ሥራችንም ነው። የሕዝብን አሳብ ስንጠይቅም ከዚህ የተለየ ነገር አይጠበቅብንም።